ሚኒሞ የማይዝ ሞተርና የሚያፈተልክ ጭስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሦስት አባላት የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ የመናገር ተራ የደረሳቸው ሁሉ ስለ ድንኳን መቀደድ፣ ስለ ወንበር መጉደልና ስለ ወርኃዊ መዋጮ መዘግየት ሲናገሩ ኖረዋል። እኛ ግን ስለ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ጭስ ማውጫ ልንናገር ነው የቆምነው። «እነዚህ ሰዎች እድሩን ጋራዥ አደረጉት እንዴ?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ነገሩ ከደጃችን እስኪደርስ ድረስ እንደዚያው ነበር የምናስበው።

ሦስት ነን። አንዳችን ዕድሜውን በመካኒክነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ነው። ሁለተኛችን የመኪናይቱ ባለቤት ነው። ሦስተኛችን ባትሪ ከማብራትና የወደቀ ዳዶ ከመልቀም በስተቀር ሙያ የለውም፤ ይሁንና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው እሱ ስለሆነ ስሕተት ብታገኙ በእሱ ላይ አድርጉት።

መኪናይቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ቮልስ ናት። ቀብር ሲኖር መሄድ የማይችሉ አረጋውያን የሚሳፈሩባት፣ የእዝን እንጀራ የሚጫንባት፣ አንድ ጊዜም የድንኳኑን ምሰሶ በጣሪያዋ ላይ አስረን የሄድንባት እሷው ናት። የእሷ ዓይነት በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥታለች። በእኛም አገር ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር ታላላቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ይህን ያህል ካልን ይበቃል፤ ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ባለፈው ክረምት በነሐሴ ወር ከእንጦጦ ሥር ካለ ቤተ ክርስቲያን ቀብር አስፈጽመን በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ወደ ሰፈር ስንመለስ ነበር። ዝናቡ አያድርስ ነው። በቮልሷ ውስጥ አምስት ሰው አለ፤ ከፊት ሾፌሩና አንዳችን፣ ከኋላ አንዲት እናታችን፣ ልጃቸውና የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው። መስኮቱ በዝናቡ ምክንያት ተዘግቷል። የአምስት ሰው እስትንፋስ የፊቱን መስታወት ስለሸፈነው ሾፌሩ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለውን የማሞቂያ እጀታ ወደ ላይ ሳበው። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ሞተሩ እየሠራ ቆመን የቆየንበት ጊዜ ከሄድንበት ይበልጣል።

ሰፈር ስንደርስ እናታችን ሲወርዱ ወላለቁ። ራሳቸውን ያዙ፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አስመለሳቸው። ልጁም ተኝቶ ነበርና ሲቀሰቅሱት ቶሎ አልነቃም። ለቅሶ ቤት ነውና ምክንያት አልጠፋም። አንዱ «ሐዘኑ ነው» አለ፤ ሌላው «ጦም ነው፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም» አለ፤ «ብርዱ ነው፣ ፊታቸውን መትቷቸው ነው» ያለም ነበር። እኛም አብረን «ሐዘኑ ነው» አልን። ድንኳኑ በሁለት ወገን ክፍት ስለነበር ነፋስ ያገኛል፤ እዚያ ተቀምጠው ወደ ማታ ተሻላቸው። አሁን ስናስበው ያተረፋቸው ያ ነፋስ ነው።

በሠልስቱ ዕለት ሁለተኛ ተደገመ። ያው መኪና፣ ያው የኋላ ወንበር፣ ያው ራስ ምታት። በሌሎቹ መኪኖች ከተሳፈሩት አንድም ሰው አልታመመም። ነገሩን ያወቀው ከሁላችን ልጁ ነው። እናቱ ወደ ቮልሷ ስትጎትተው «እዚያች ውስጥ ስገባ ነው የሚያመኝ፤ አልገባም» ብሎ አለቀሰ። ባለመኪናው መጀመሪያ ተቀየመ፤ መኪናውን እንደ ልጁ ነዋ የሚያያት። ሆኖም በዚያው ዕለት ቁልፉን አውጥቶ ለመካኒኩ ሰጠውና «እስክታረጋግጥልኝ ድረስ ሰው አልጭንም» አለ። ይህን ቃሉን በጉባኤው ፊት ልናመሰግንለት እንወዳለን።

እንግዲህ ነገሩ ምን እንደሆነ እንናገር። ከሰል ጭስ ሰው ገድሎበት ለቅሶ የደረሰ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። ብዙዎቻችን ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት እናስገባና «አሁንስ አይጎዳም» እንላለን። የሚገድለው ግን ያ በዓይን የሚታየው ጭስ አይደለም። ቀይ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን መርዝ ሲያገኝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው ደግሞ በቶሎ አይለቅም፤ ሰውየው ንጹሕ አየር ላይ ወጥቶ እንኳ ከደሙ ግማሹ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ሞተር፣ በተለይም ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ይህንኑ መርዝ በብዛት ያወጣል። የዛሬዎቹ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው ላይ መርዙን የሚያከስም መሣሪያ አላቸው፤ ቮልሷ የላትም።

«ታዲያ ጭሱ በኋላ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ሰው ወዳለበት ምን አመጣው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እዚህ ላይ የቮልስን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሌሎች መኪኖች ተሳፋሪውን የሚያሞቁት ከራዲያተር በሚመጣ ሙቅ ውኃ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ቬንትሌተሩ ከሞተሩ ክፍል ከሚስበው ነፋስ ከፊሉን በሁለት ቱቦ ወደ ታች ይልከዋል። እዚያ ታች የጭስ ቧንቧዎቹን ከውጭ የከበቡ ሁለት የቆርቆሮ ሳጥኖች አሉ። ነፋሱ በጋለው ቧንቧ ላይ እየተንሸራተተ ይሞቅና በመኪናው ጎንና ጎን አልፎ ከእግራችን ሥርና ከመስታወቱ ግርጌ ብቅ ይላል። ይህ ዓይነት ማሞቂያ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል ጀምሮ ነው። ፈጣሪዎቹን አንነቅፍም፤ ብረቱ ጤነኛ ሲሆን ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን በጭሱና በምንተነፍሰው ነፋስ መካከል ያለው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ ከ50 ዓመት በላይ በክረምት ጭቃ ተመትቶ ከዛገና ከተበሳ መኪናይቱ ጭሷን በገዛ ቬንትሌተሯ ወደ ሰው ትነፋለች ማለት ነው።

ሌላም መግቢያ አለ። ከሞተሩ ዙሪያ፣ የሞተሩ ቆርቆሮና የመኪናው አካል በሚገናኙበት፣ ወፍራም የጎማ ጠርዝ ይዞራል። ሥራው የላዩን ንጹሕ ነፋስ ከታችኛው ጭስና ሙቀት መለየት ነው። ብዙ ሰው ይህ ጎማ ሲቆረጥ እንደ ጌጥ ቆጥሮ ይተወዋል። ጎማው ከሌለ ከማርሚታው መጋጠሚያ የሚያፈተልክ ጭስ ሽቅብ ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል፤ ቬንትሌተሩም ይስበዋል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚልከው ነግረናችኋል።

አሁን ደግሞ ጥፋታችንን እንናዘዝ። መኪናይቱ ከነሐሴ በፊት፣ ከሰኔ ጀምሮ ታማ ነበር። ሚኒሞ አትይዝም፤ መብራት ላይ ስትቆም እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ሲለቀቅ ደግሞ ከኋላ ጧ! ጧ! እያለች ትተኩሳለች። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። የጋራዡን ስም አንጠራም፤ ሰዎቹም ክፋት አልነበራቸውም። «ካርቡራቶር ነው» አሉን። ፈቱት፣ አጠቡት፣ ጓርኒሲዮኑን ለወጡት። አሁንም ስትንቀጠቀጥ የሚኒሞውን ቪቴ ከፍ፣ የድብልቁንም ቪቴ ለቀቅ አደረጉና ቤንዚን አበዙላት። ተረጋጋች። እኛም ደስ ብሎን ከፍለን ወጣን። ያልገባን ነገር ቢኖር ቤንዚን ሲበዛና አየር ሲያንስ ቃጠሎው ጎዶሎ ስለሚሆን መርዙ የሚበዛ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ የማሞቂያ እጀታ በማይነካበት በፀሐይ ቀን ስለነበር ማንም አልታመመም። በሰኔ ሞተሯን አስታመምን ብለን ያደረግነው ነገር በነሐሴ እናታችንንና ልጁን ለጭስ አሳልፎ ሰጠ።

ስለ ከፍታችንም አንድ ነገር እንጨምር፤ በዚህ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ዳርቻ የተመጠነ የካርቡራቶር ቀዳዳ እዚህ ሲመጣ ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ላይ እንደገና ቪቴ መልቀቅ ማለት በወጥ ላይ ጨው ደጋግሞ መጨመር ነው። እንደዚሁም በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የመሳብ ኃይል መለኪያው በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ማሳየት አለበት የሚል ሰፍሯል። እዚህ ግን ጤነኛ ሞተር እንኳ በ7 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል። ይህን ያልተረዳ ሰው ደኅናውን ሞተር ካላወረድኩ ይላል። የሲሊንደርም ግፊት ሲለካ እንደዚሁ ነው፤ አራቱን እርስ በርስ ማስተያየት እንጂ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር መሟገት ዋጋ የለውም።

ምርመራውን ያደረግነው እሑድ ማለዳ፣ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው። በር ዘግቶ ሞተር ማሞቅ የለመዳችሁ ካላችሁ፣ በእናታችሁ፣ ተዉት። ማለዳ የመረጥነው ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን ብለን ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፤ ቀዳዳም ይከፈታል። አስነስተን ሰማናት። ከግራ በኩል ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። ከመካከላችን አንዱ «ቫልቮላ ነው» አለ። መካኒኩ ግን «ዝም ብለህ ጠብቅ» አለው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። የቫልቮላ ድምፅ ሞተሩ ቢሞቅም አይጠፋም፤ የሚያፈተልክ ጭስ ግን ብረቱ ሲሰፋ ቀዳዳው ይጠብና ድምፁ ይደበዝዛል። ብዙ መኪና ጋራዥ ደርሶ «ምንም የለበትም» የሚባለው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ስለሚደርስ ነው።

ቀጥሎ ወፍራም ጨርቅ በውኃ ነክረን፣ ጓንት አድርገን፣ ሁለቱን የጭስ ማውጫ ጫፎች ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ደፈንናቸው። ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ታፍኖ መጥፋት ነበረበት። የኛው አልጠፋም፤ ፊሽሽ የሚል ድምፅ ከሆዱ ሥር ተሰማ። ጭሱ ሌላ በር አለው ማለት ነው። በሩን ለማግኘት አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ ወስደን አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየመጋጠሚያው እያዞርን አዳመጥን። ልክ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ነው፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ጆሮ ውስጥ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። አንደኛው ቦታ በግራ ያለው የማሞቂያ ሳጥንና ማርሚታው የሚገናኙበት ነበር። ባትሪ ስናበራበት ጥቁር ጥላሸት እንደ እንባ ተንጠባጥቦ ደርቋል። በዚያ መጋጠሚያ ያለው ቀለበት ተፈርፍሮ አልቋል። የድሮው ቀለበት አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና ውኃ አርከፍክፎ በእርጥቡ ማንሣት ነው እንጂ በአየር አይነፋም፤ ብናኙ ሳንባ ያበላሻል።

ይህ ግን በውጭ ያለው ነው። እኛን ያስጨነቀን በውስጥ ያለው ነበር። የቮልስ አራት ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተኝተዋል። 2ኛውና 4ኛው በኋላ በኩል ስላሉ ጭሳቸውን በቀጥታ ወደ ማርሚታው ያወጣሉ፤ እነሱ ጋ ቢያፈተልክ ይሰማል፣ ይታያልም። 1ኛውና 3ኛው በፊት በኩል ናቸው፤ የእነሱ ጭስ በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቧንቧው በሳጥኑ ውስጥ ቢበሳ ከውጭ የሚታይ ጥላሸት የለም፤ ድምፁም በቆርቆሮው ይታፈናል። ስለዚህ ከሳጥኑ ወደ ተሳፋሪው የሚሄደውን ቱቦ በግራም በቀኝም ነቀልን። በቀኝ ያለው ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። በግራ ያለውን ስንጠርገው ነጩ ጨርቅ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። ባለመኪናው ጨርቁን ይዞ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፍተን፣ አቀዝቅዘን፣ ከአንድ ጎረቤት የተዋስነውን የአቧራ መሳቢያ ማሽን አየር በሚያወጣበት በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ነፋን፤ በየመጋጠሚያውም የሳሙና ውኃ ረጨን። ቀለበቱ በተፈረፈረበት ቦታ አረፋው ኩፍ ብሎ ወጣ። ከተነቀለው የግራ ቱቦ አፍ ደግሞ እጃችንን ስናስጠጋ ነፋስ ይመጣል። ወደ ጭስ ማውጫው የነፋነው ነፋስ በማሞቂያው ቱቦ ከወጣ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

መንቀጥቀጡስ? አንዳንድ ሰው «ጭሱ ስላፈተለከ ነው ሚኒሞ ያጣችው» ይላል። በዘመናዊ መኪና ጭስ ማውጫው ላይ ያለ ተቆጣጣሪ ሊታለል ይችላልና እውነት ሊሆን ይችላል። በቮልስ ላይ ግን የጭስ መፈትለክ ብቻውን ሞተር አያንቀጠቅጥም። የጧ ጧው ተኩስ ግን ከሱ ነው፤ ቤንዚን ሲለቀቅ በቀዳዳው ንጹሕ አየር ይገባና ያልተቃጠለውን ቤንዚን በማርሚታው ውስጥ ያቀጣጥለዋል። እንግዲህ ሁለት በሽታ በአንድ አካል ላይ ነበር፤ ጋራዡም እኛም እንደ አንድ ቆጥረን ለአንዱ መድኃኒት ሰጠን።

ለመንቀጥቀጡ በመጀመሪያ የካንዴላ ሽቦዎቹን በደረቅና ጎማ በለበሰ ፒንሳ አንድ በአንድ ነቀልን። 1ኛው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ፤ 2ኛውና 4ኛውም እንደዚሁ። 3ኛው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። ሥራ የማይሠራ ሠራተኛ ቢቀር የሚያውቅ የለም እንደሚባለው ነው። ካንዴላዎቹን ስናያቸው ሁሉም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል፤ የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው። ጤነኛ ካንዴላ ገለባ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡና ይመስላል። ግፊት ስንለካ 3ኛው ከሌሎቹ በግልጽ አንሶ ተገኘ። የቫልቮላውን ክዳን ከፍተን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ክፍተቱን ለካን። በእኛ ሞተርና በአብዛኞቹ 1300፣ 1500 እና 1600 ላይ ለሁለቱም ቫልቮላ 0.15 ሚሊሜትር ነው የምንይዘው፤ ጥንታዊዎቹ 1200 ሞተሮች ሌላ ልክ ስላላቸው በእነሱ ላይ አትሞክሩት። የ3ኛው የጭስ ቫልቮላ 0.05ቱን ቀጭን መለኪያ እንኳ አላስገባም። ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ እሳት እያመለጠበት ይሠራ ነበር።

ለምን 3ኛው ሆነ? እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተሠሩት ቮልሶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በቬንትሌተሩ ሽፋን ውስጥ፣ ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚወርደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ 3ኛው ከወንድሞቹ ይበልጥ ይግላል፤ ቫልቮላውም ቀድሞ ይደክማል። የቮልስ መካኒክ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቢያንስ ማወቅ አለበት።

ክፍተቱን አስተካከልን። የፑንቲናውም ክፍተት ጠብቦ ነበርና ወደ 0.4 ሚሊሜትር መለስነው። በካርቡራቶሩ ሥርና በአየር ቧንቧው መጋጠሚያዎች ላይ ውኃ በትንሹ ረጭተን ሞተሩ ድምፁን ይለውጥ እንደሆነ አዳመጥን፤ አልለወጠም፤ አየር የሚስብበት ቦታ የለም ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን በቤንዚን ይሞክሩታል። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጭ ሰው የእድር መዋጮውን አስቀድሞ ቢከፍል ይሻለዋል። ካርቡራቶሩን የነካነው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ጋራዡ የለቀቀውን ቪቴ መልሰን አጥብበን ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ላይ አቆምነው። መካኒካችን ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ቫልቮላ፣ ቀጥሎ ፑንቲና፣ ካርቡራቶር መጨረሻ።

ይሁን እንጂ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድታ እንደገና ስንለካት ያ ቫልቮላ ደግሞ ጠብቧል። ይህ ሲሆን ቫልቮላው ራሱ እየተለጠጠ ነው ማለት ነውና ደጋግሞ ማስተካከል አያዋጣም፤ አንድ ቀን ራሱ ተቆርጦ ፒስቶኑን ይበላዋል። ቴስታታው ወርዶ ቫልቮላው ተለወጠ። ሰው ሳይጫንባት መሆኑ ነው፤ ባለመኪናው ብቻውን፣ መስኮት ከፍቶ፣ ማሞቂያውን ዘግቶ ነው የነዳት። ማሞቂያውን መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ ግን እወቁ፤ ሳጥኖቹ ላይ ያሉት መዝጊያዎች ይዝጋሉ፣ ሽቦአቸውም ይላላል፤ እጀታው ወርዶ እንኳ ግማሽ ክፍት ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። የኛ የግራው እንዲያ ነበር።

ስለ ሳጥኑ ክርክር ነበረን። ባለመኪናው «በብየዳ እናስደፍነው» አለ፤ ገንዘቡን አይተን እኛም ወደዚያው አዘንብለን ነበር። መካኒኩ እምቢ አለ። ቧንቧው ያለው በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ብየዳ የሚደርሰው በውጭው ቆርቆሮ ላይ እንጂ በውስጠኛው ቀዳዳ ላይ አይደለም። ሳጥኑን ቀዶ ቢበየድም በሳሳ ብረት ላይ የተበየደ መልሶ በጎኑ ይቀደዳል። ሦስት ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ተመላልሰን ያገለገለ ግን ደኅና የሆነ ሳጥን አገኘን። ሻጩ እየሳቀብን እዚያው በሱቁ ደጃፍ የቧንቧውን አንድ ጫፍ በጨርቅ ወትፈን፣ ከሌላው በኩል እየነፋን ውኃ ባልዲ ውስጥ ደፈቅነው፤ አረፋ አልወጣም፤ ገዛነው። ቀለበቶቹን፣ በቴስታታው በኩል ያሉትንም የብረት ጓርኒሲዮኖች በአዲስ ለወጥን፤ የወጣ ጓርኒሲዮን ተመልሶ አይገባም። የሞተሩን ዙሪያ ጎማም አስገባን።

ከዚያ በኋላ ቁጥር የሚያሳይ አነስተኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ከውጭ ከመጣ ዘመድ አገኘንና በኋላው ወንበር ላይ፣ ልጁ ተኝቶ በነበረበት ቦታ አስቀመጥነው። መስኮት ዘግተን፣ ማሞቂያ ከፍተን፣ ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ አሠራናት። እኛ ውጭ ቆመን በመስታወቱ እናይ ነበር። ዜሮ። ከዚያም እየነዳናት ደገምነው፤ ዜሮ። ለቤት የተሠራው የሚጮኸው ደወል እንደሚበጅ አንክድም፤ ነገር ግን መርዙ አነስተኛ ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይጮኽ ሊቆይ ስለሚችል ለመኪና ቁጥር የሚያሳየው ይሻላል።

በመኪናም ሆነ በከሰል ቤት ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው፣ ጉልበቱ ቢከዳው፣ በተለይም ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ቢታመም፣ ፈጥኖ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። «ትንሽ ይተኛ» አይባልም። ሐኪም ቤት ሲደርስም «ጭስ ነክቶት ይሆናል» ብላችሁ ቃሉን ራሳችሁ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ይታለላል፤ መርዙን የተሸከመውን ደም ኦክሲጅን እንደተሸከመ ቆጥሮ ደኅና ቁጥር ያሳያል። መድኃኒቱ በጭምብል የሚሰጥ ኦክሲጅን ነው። በንጹሕ አየር አራት አምስት ሰዓት የሚፈጀው በኦክሲጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ከዚህ ጉባኤ የምንጠይቀው ቀላል ነው። በእድራችን ቀብር ላይ ሰው የሚያሳፍሩ አሮጌ መኪኖች እንደ ቆጠራችን ሰባት ናቸው። ሁሉም ቮልስ አይደሉም፤ ነገር ግን ወለሉ የተበሳ፣ የኋላ በሩ ጎማ ያለቀ መኪና ሁሉ ጭስ የሚስብበት መንገድ አለው። ሰኔ ሳይገባ በየመጀመሪያው እሑድ፣ ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት በስተጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የጎማ ቱቦአችንን፣ የሳሙና ውኃና መለኪያውን ይዘን እንገኛለን። ገንዘብ አንጠይቅም። ሞተሩን ሳታሞቁ እንድታመጡት ብቻ እንለምናለን፤ የቅርቦቹ ገፍታችሁ ብታመጡት ይመረጣል፤ ለመግፋት ሦስተኛችን አለ።

እናታችን ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለፈው ወር ቀብር ስንሄድ በቮልሷ ተሳፍረው ነበር። ልጁ ግን እስካሁን ከመግባቱ በፊት መለኪያውን «አሳዩኝ» ይላል፤ ቁጥሩን ሳያይ አይገባም፤ እኛም እናሳየዋለን።